የዝንጅብል ሻይ ወተቱን እንዳይበጣጥሰው

ሐረር ውስጥ የቅመም ሻይ ሲያፈሉ ወተቱ ለምን እንደሚበጣጠስብዎት ጠይቀዋል፤ ምክንያቱ እርጥቡን ዝንጅብል ከወተቱ ጋር አብረው ስለሚጥዱት ነው። እርጥብ ዝንጅብል ወተትን የሚያረጋ ኢንዛይም ስላለው፣ በቅድሚያ ከቀረፋና ከሄል ጋር በውኃ ብቻ 10 ደቂቃ ያህል ያፍሉት፤ መፍላቱ ይህን ኃይሉን ያጠፋዋል። ከዚያ ሻይ ቅጠሉን ይጨምሩና ለብቻው የፈላውን ወተት በመጨረሻ ያዋህዱት።

ቅርንፉድ ሲጨምሩ ግን ይጠንቀቁ። እኔ ድሬዳዋ በሚገኘው ቤቴ ለአንድ ትንሽ ማንቆርቆሪያ 6 ፍሬ ጨምሬ፣ ከሁሉም አብልጬ የምወደው የሄል መዓዛ ጨርሶ ጠፍቶብኛል፤ አሁን 2 ፍሬ ይበቃኛል። እዚያው ሐረር ከቡና ቅጠል የሚፈላውን ቁጢ የምወደውም ቅመም ስለማይጫነው፣ የቅጠሉ ጣዕም ራሱ ጎልቶ ስለሚወጣ ነው።