«እኔ ምንም አይሰማኝም» ላልሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤትሽ ከመስክ ሲመለስ ሽንቱ ያቃጥለው ነበር፤ መግልም ይወጣው ነበር። ከፋርማሲ መድኃኒት ገዝቶ ዋጠና ተሻለው። አንቺ ግን ምንም አይሰማሽም። ዘንድሮ ልጅ ለመውለድ ስላሰባችሁ «ልመርመር ወይስ ልተወው?» ነው ያልሽው። የሱ ምልክት የጨብጥ ይመስላል፤ ተመርመሪ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ። ለምን እንደምልሽ የራሴን ልንገርሽ።

ባሌ መንገድ ሥራ ላይ ነበር። ወር፣ አንዳንዴም ሁለት ወር ቆይቶ ነው ቤት የሚመጣው። አንድ ቅዳሜ ሱሪውን ላጥብ ኪሱን ስፈትሽ ባዶ የእንክብል ማሸጊያ አገኘሁ። «ፀሐይ የመታው ድንጋይ ላይ ሸንቼ ነው ያመመኝ፣ አሁን ደህና ነኝ» አለኝ። አመንኩት። ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው የኖርኩት ነገር ነዋ! ጨብጥ ግን ከድንጋይም፣ ከፀሐይም አይመጣም። የሚተላለፈው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ነው። በወሊድ ጊዜም ከእናት ወደ ልጅ ይሄዳል። ሕፃን እንደተወለደ ዓይኑ ላይ ቴትራሳይክሊን ቅባት የሚቀባው ለዚህ ነው፤ ጨብጥ የሕፃን ዓይን ሊያጠፋ ይችላል።

ወንድ ላይ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያስታውቃል። ሴት ላይ ግን ይደበቃል። ብዙዎቻችን ጨብጥ ይዞን ምንም አናውቅም። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚገኘው ክላሚዲያ የሚባለው ሌላ የአባላዘር በሽታ ደግሞ ከሱም የባሰ ድምፅ የለውም። ምልክት ቢኖር እንኳ ትንሽ ፈሳሽ፣ ከእንብርት በታች ትንሽ ቁርጠት ነው። «ወር አበባዬ ሊመጣ ነው» ብለሽ ታልፊዋለሽ።

እኔም አለፍኩት። እናቴ «ብርድ ገብቶሽ ነው» ብላ ጤናዳም አፈላችልኝ። በዚያን ጊዜ ውስጤ በሽታው ከማህፀን በር ወደ ማህፀን፣ ከማህፀን ወደ ሁለቱ የእንቁላል ቱቦዎች እየወጣ ነበር። ቱቦው ውስጡ በጣም ጠባብ ነው። ቆስሎ ሲድን ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ሁለቱንም ጨርሶ ከዘጋቸው በተፈጥሮ ማርገዝ አይቻልም። በከፊል ከዘጋ ደግሞ ጽንሱ ማህፀን ሳይደርስ መንገድ ላይ ሊቀር ይችላል።

የኔው መንገድ ላይ ቀረ። 2008 ዓ.ም. ነው። ማርገዜን ካወቅን ገና አሥር ቀናችን ነበር። ጠዋት ቡና እየቆላሁ ሆዴን በግራ በኩል እንደ ጩቤ ወጋኝ። ትከሻዬንም አመመኝ። ሆዴን አሞኝ ትከሻዬ ምን አገባው ብዬ ሳልጨርስ ቡናው ተበትኖ እኔም ወደቅኩ። ለካ ቱቦው ፈንድቶ ደሙ ሆዴ ውስጥ ሲፈስ ትከሻንም ያሳምማል። በኦፕራሲዮን ግራውን ቱቦ አወጡት። ሐኪሙ «ቀኙም ላይ ጠባሳ አለ፤ ከዚህ በፊት ኢንፌክሽን ነበረሽ?» ሲለኝ ባሌ አልጋዬ አጠገብ ቆሞ ነበር። እኔ መልስ አልነበረኝም፤ እሱ ግን ነበረው። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለ።

ያኔ ነው ሁለታችንም በአንድ ቀን የታከምነው። የባለቤትሽ የፋርማሲ መድኃኒት የጎደለው ይሄ ነው። አንዱ ታክሞ ሌላው ከቀረ በሽታው ከአልጋ አይወጣም፤ ከአንቺ ወደ እሱ፣ ከእሱ ወደ አንቺ ይመላለሳል። ጨብጥ ደግሞ ብዙ የቆዩ መድኃኒቶችን ተላምዷል። መግሉ ስለቆመ ብቻ ድኗል ማለት አይቻልም። እሱም እንደገና ይታይ።

ከሄድሽ አይቀር የቂጥኝና የኤች አይ ቪ ምርመራም ጠይቂ። በተለይ ልጅ እያሰብሽ። ቂጥኝ መጀመሪያ የሚያወጣው ቁስል አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ሴት ላይ ውስጥ ከሆነ ጭራሽ አይታይም። በጥቂት ሳምንታት በራሱ ይደርቅና ሰው ዳንኩ ብሎ ይተኛል። በሽታው ግን ሰውነት ውስጥ ለዓመታት ተቀምጦ ልብንና አንጎልን ሊጎዳ ይችላል። እርጉዝ ከሆንሽ ጽንሱ ሊጨናገፍ ወይም ሞቶ ሊወለድ ይችላል። በጊዜ ከተገኘ ግን በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል። መርፌው ያማል፣ አልዋሽሽም፤ ሁለት ቀን በጎንሽ ትተኛለሽ።

ጠቡን እንደምትፈሪ ገብቶኛል። እኔም ከዚያ ወዲያ ብዙ አልቅሻለሁ፤ ለወራት አላናገርኩትም። ግን ማን አመጣው የሚለውን ዛሬ አታንሺው። «መጀመሪያ እንታከም፣ ከዚያ እናወራለን» በዪው። አብራችሁ ሂዱ። ሁለታችሁም ሕክምናውን ከጨረሳችሁ በኋላ ሰባት ቀን አልጋ ለዩ። እምቢ ካለሽ ግን እሱን አትጠብቂ፣ ብቻሽን ሂጂ።

እኔ በቀረችኝ አንድ ቱቦ ከአራት ዓመት በኋላ ሴት ልጅ ወልጃለሁ። አንቺ ገና ሁለቱም አሉሽ።

ሰው ይሰማኛል ብለሽ ደግሞ እንዳትቀሪ። ካርድ ክፍል «ምንሽን ነው?» ሲሉሽ «የማህፀን ምርመራ» ማለት ይበቃል። ሌላውን ውስጥ ገብተሽ፣ በሩ ሲዘጋ ንገሪያቸው።