የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሙዙ ለምን ክር ክር ሆነ?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሳይንስ መምህር ነኝ። የቅጠልን ጅማት ለተማሪዎች ለማሳየት የሙዝና የማንጎ ቅጠል ከቤኪንግ ፓውደር ጋር ቀቀልን። ሙዙ ክር ክር ሆኖ ተበታተነ፤ ማንጎው ጠቆረ እንጂ ሥጋው አልለቀቀም። ምን አጠፋን?

መልስ፦ ከሙዝ መረብ አይጠበቅም። ጅማቶቹ ከአውራው ጅማት ወጥተው ጎን ለጎን ወደ ጠርዝ ይሄዳሉ፤ የሚያስተሳስሯቸው መስቀለኛ ጅማቶች ቀጫጭን ስለሆኑ ሥጋው ሲለቅ የሚይዛቸው የለም። በቆሎና ሸንኮራ አገዳም ያው ናቸው። ጀርባውን ሲዳስሱት ጅማቱ ጎልቶ የሚሰማ የበሰለ የዋርካ፣ የሾላ ወይም የማንጎ ቅጠል ይምረጡ። ቀንበጥ ግን ጅማቱ ስላልጠነከረ አብሮ ይበጣጠሳል።

ማንጎውን ያስቸገረው ቤኪንግ ፓውደሩ ነው፤ ውስጡ ያለው አሲድ የሶዳውን ኃይል ይሰብረዋል። የሚፈለገው ሶዲየም ካርቦኔት ነው። ሴሎቹን ያጣበቀውን ነገር ሲያሟሟው ሥጋው ይላላል፤ እንጨትነት ያለው ጅማት ግን ይቋቋመዋል። ገበያ ላይ ካጡት 100 ግራም ቤኪንግ ሶዳ (ፓውደር አይደለም!) በኦቨን በ200 ዲግሪ ለ1 ሰዓት ያድርቁ። 63 ግራም ገደማ ሲቀር ተለውጧል ማለት ነው።

ይህን በ1 ሊትር ውሃ አሟሙተው ቅጠሉን በቀስታ ይቀቅሉ። አልሙኒየም ድስት ሶዳው ስለሚበላው የማይዝግ ብረት ይጠቀሙ፤ ጓንትም አይርሱ። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ መመሪያ ላይ ከተጻፈው ጊዜ በላይ ይፈጃል። ሰዓት ከመቁጠር ይልቅ በየ20 ደቂቃው አንድ ቅጠል አውጥተው ይሹት፤ ሥጋው ከተንሸራተተ ደርሷል።

በደንብ አለቅልቀው ጥቂት ውሃ ባለበት ዝርግ ሳህን ላይ ጀርባውን ወደ ላይ ያስተኙት። ከዚያ በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ ጫፍ መታ መታ ያድርጉት። አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይቸኩልና ይፈገፍገዋል፤ መረቡ የሚቀደደው ያኔ ነው። በመጨረሻ በጋዜጣ መሃል አድርገው መጽሐፍ ይጫኑበት።

ጥያቄ፦ ዘጌ ነው የምኖረው። የቡናና የጌሾ ችግኝ ተደባለቀብኝ፤ በቅጠል መለየት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል። ቡና ቅጠሉን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ፊት ለፊት ያወጣል፤ ጠርዙ ይሞገዳል እንጂ ጥርስ የለውም። የጌሾ ቅጠል አንድ በአንድ እየተፈራረቀ ይወጣል፣ ጠርዙም ደቃቅ ጥርስ አለው። ቡና መጀመሪያ የሚያወጣቸው ሁለት ክብ ቅጠሎች እንዳያሳስቱዎት፤ ከነሱ በላይ ያለውን ይመልከቱ።