ብዕሩ እጃችሁ ላይ እያለ

ልጆቼ፣ ጥብቅና ላይ ያረጀሁ ሰው ነኝ። ቢሮዬ የሚመጣው ባለጉዳይ አብዛኛው ውሉን በደንብ የሚያነበው ከተጣላ በኋላ ነው። ያኔ ጠበቃውም የሚያደርገው ብዙ ነገር የለም።

እኛ አገር ሰውን ሳያነብ የሚያስፈርመው ይሉኝታ ነው። «ፊቱ ቁጭ ብዬ ሳነብ ያላመንኩት ይመስለዋል» ትላላችሁ። ይምሰለው! ገንዘብ ላይ እየተዋዋሉ መጠየቅ ጠብ ያለሽ በዳቦ አይደለም።

ይሉኝታ ክፉኛ የሚጎዳው ዋስትና ላይ ነው። ጓደኛችሁ ገንዘብ ያዥ ሆኖ ሊቀጠር ነው እንበል፤ ዋስ አምጣ ተብሏል። ከመሥሪያ ቤታችሁ የደመወዝ ደብዳቤ አጽፋችሁ «ፊርማ አይደል» ብላችሁ ትሄዳላችሁ። ቆይ! ቅጹ ላይ መጀመሪያ የገንዘብ ጣሪያውን ፈልጉ። የ1952ቱ ፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ከፍተኛው የዋስትና መጠን በውሉ ካልተገለጸ ዋስትናው አይጸናም ይላል። ቦታው ባዶ ከሆነ፣ «በኋላ እንሞላዋለን» ሲሏችሁ እሺ እንዳትሉ። መጠኑ በአኃዝም በፊደልም ይጻፍ፤ ፊርማው ከዚያ በኋላ ይደርሳል። ቀጥሎ «በአንድነትና በነጠላ» የምትል ሐረግ መኖሯን እዩ። እሷ ካለች አሠሪው ጓደኛችሁን ሳይጠይቅ በቀጥታ እናንተን መክሰስ ይችላል። ትውጣልኝ በሉ። እምቢ ካሉ ጣሪያው ይውረድ። የተጻፈውን ብር ነገ ክፈሉ ብትባሉ የማትችሉት ከሆነ ግን አትፈርሙ። ጓደኛችሁ ቢያኮርፍ ያኩርፍ። ጨካኝ በሉኝ፣ የዋስ ደመወዝ ለዓመታት ሲቆረጥ አይቻለሁ።

ድርድር ሲባል ደግሞ ብዙዎቻችሁ ዋጋ ብቻ ይመስላችኋል። ቪዲዮ የምትሠራ አንዲት ልጅ ውል አሳየችኝ። «ክፍያው ሥራው ሲጠናቀቅ ይፈጸማል» ይላል። ተጠናቀቀ የሚለው ማን ነው? ደንበኛው «እዚህ ጋ ትንሽ አስተካክይው» እያለ ወራት ሊጎትታት ይችላል። ዋጋው ላይ ሙጭጭ ከማለት ይህችን አስጽፊ አልኳት፦ «ግማሹ ሥራው ሲጀመር፣ ቀሪው በተረከበ በ7 ቀን ውስጥ፤ ማስተካከያ ሁለት ጊዜ ብቻ።» ደንበኛው ያለ ብዙ ክርክር ፈረመ። ዋጋ ላይ ድርቅ የሚል ሰው የመክፈያ ቀን ላይ ብዙ ጊዜ ይላላል።

ቀብድም አለ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱ ይቀርበታል፤ የተቀበለው ቢተው እጥፉን ይመልሳል። ደላላው «ቶሎ አሲዙት፣ ሌላ ሰው እየመጣ ነው» ሲል ይህን እያሰባችሁ ነው እጃችሁን ኪሳችሁ የምትከቱት። የሰጣችሁት ቀብድ ይሁን ቅድመ ክፍያ ወረቀቱ ላይ በግልጽ ይስፈር።

የቤት ሽያጭማ በቃልም በደላላ ወረቀትም አይሆንም። በጽሑፍ ሆኖ ውልና ማስረጃ ወይም ፍርድ ቤት መመዝገብ አለበት። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ላይ ደግሞ የኪራይ ቁጥጥር አዋጁ (ቁጥር 1320/2016) በሚሠራበት ከተማ አከራዩ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ መጠየቅ አይችልም። የስድስት ወር አምጡ ካላችሁ አዋጁን በትህትና ጥቀሱለት።

ስትፈርሙ በየገጹ ፈርሙ፤ ባዶ መስመር ካለ በሰረዝ ዝጉት። የራሳችሁን ቅጂ ሳትይዙ ከዚያ ክፍል አትውጡ። «ነገ ኮፒ አድርገን እንልክላችኋለን» ካሏችሁ፣ ኮፒ ቤቱ ድረስ አብራችሁ ሂዱ።