ዴቢያንን ያጨቃጨቀው ሲስተምዲ፦ ጥያቄና መልስ

ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ ሌሎቹን ሁሉ የሚያስነሳውን ፕሮግራም ከሲስቪኢኒት ወደ ሲስተምዲ ሲቀይር ተጠቃሚው ለሁለት ተከፈለ። ከቀረቡት ጥያቄዎች ጥቂቶቹ ከነመልሳቸው እነሆ።

ጥያቄ፦ ወደ ሲስተምዲ የመቀየሩን ውሳኔ ጥቂት ሰዎች በጓዳ የጨረሱት ነው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ጥቂት መሆናቸው እውነት ነው፤ ጓዳው ግን የለም። ጉዳዩ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ለዴቢያን የቴክኒክ ኮሚቴ ቀረበ፤ ክርክሩ ማንም በሚያነበው የባግ (የብልሽት) መዝገብ ላይ ተቀምጧል። ስምንቱ የኮሚቴው አባላት በሲስተምዲና ሌላ ማስነሻ በሆነው በአፕስታርት መካከል አራት ለአራት ሲሆኑ፣ በፌብሩዋሪ 2014 የሰብሳቢው ድምፅ ለሲስተምዲ ለየው። ሰብሳቢው ይህን ሥልጣን ያገኘው ጭቅጭቁ ከመነሳቱ በፊት በተጻፈ ደንብ ነው። በዚያው ዓመት ኖቬምበር፣ ፓኬጆች (ተዘጋጅተው የሚጫኑ ፕሮግራሞች) በአንድ ማስነሻ ብቻ ይታሰሩ ወይ በሚለው ላይ ለዴቢያን አባላት በሙሉ ድምፅ ተከፈተ። ያሸነፈው «የጠቅላላ አባላት ውሳኔ አያስፈልግም» የሚለው ነው። (አዎ፣ ለዚህም ድምፅ ተሰጥቶበታል።)

ጥያቄ፦ ሲስተምዲን ይዞ ወደ መጣው ዴቢያን 8 ሳሳድግ ሰርቨሬ አልነሳ አለ። «ይሄን ቆሻሻ አውጡልን» ብዬ ብጽፍ ምን አጠፋሁ?

መልስ፦ ማንም ሊጠግነው የሚችል ነገር አልጻፍክም። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከተነቀለ በኋላ በኤፍኤስታብ (fstab፣ ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚከፈቱ ዲስኮች ዝርዝር) ፋይል ተመዝግቦ የቀረ ዲስክ ነው። ሲስቪኢኒት አልፎት ይነሳ ነበር፤ ሲስተምዲ 90 ሰከንድ ይጠብቅና የአደጋ ጊዜ ሼል (ትእዛዝ በጽሑፍ ብቻ የሚሰጥበት ገጽ) ውስጥ ይጥልሃል። በዚያ ዲስክ መስመር አራተኛ ዓምድ ላይ ኮማ አድርገህ «ኖፌይል» (nofail) ጨምር፤ በኮማውና በቃሉ መካከል ክፍት ቦታ እንዳይገባ። ቅሬታህን ደግሞ እንዲህ ጻፈው፦ «ከ7 ወደ 8 ሳሳድግ፣ ያልተሰካ ዩኤስቢ ዲስክ በኤፍኤስታብ ስላለ 90 ሰከንድ ጠብቆ ቆመ። በ7 ይነሳ ነበር። ማሳደጊያው ቀድሞ ቢያስጠነቅቅ።» ይሄን ያነበበ ገንቢ የሚሠራው ነገር ያገኛል።

ጥያቄ፦ እኔ ጨርሶ አልፈልገውም፤ መከራከሩም ሰልችቶኛል።

መልስ፦ እንግዲያው አትከራከር። ዴቢያን 8 ላይ ሲስቪኢኒት-ኮር (sysvinit-core) የተባለውን ፓኬጅ ጫን፤ ፓኬጆችን በሚጭነው ፕሮግራም በአፕት ምርጫዎች ፋይል ውስጥ ደግሞ ሲስተምዲን ዋና ማስነሻ ለሚያደርገው ፓኬጅ ለሲስተምዲ-ሲስቪ (systemd-sysv) ቅድሚያውን -1 አድርግ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች ከሆነ አፕት ሌላ ፓኬጅ ቢጠይቀው እንኳ አይጭነውም። የቅድሚያውን ቁጥር ከማሳደግህ በፊት ጻፈው።

ጥያቄ፦ ፎርክ ማድረግስ፣ ማለትም ኮዱን ቀድቶ ለብቻ ሌላ ስርዓት ማውጣትስ?

መልስ፦ ሲስተምዲ የሌለው የዴቢያን ቅጂ፣ ዴቩዋን፣ የተወለደው እንዲያ ነው፤ በኖቬምበር 2014 ታወጀ፣ 1.0 የወጣው በሜይ 2017 ነው። ኮዱን መቅዳት ቀላል ነው፤ በየጊዜው የደህንነት እርማት እየተከታተሉ ማውጣቱ ነው ጉልበት የሚጨርሰው።

ጥያቄ፦ ውይይቱን የምመራው እኔ ነኝ። መቶ መልእክት ሲከመር ምን ላድርግ?

መልስ፦ ቶሎ አትዝጋው። ብልሽቱን ለይተህ ወደ ባግ መዝገብ ላከው። ሌላውን የሰደበ ካለ ለብቻው ጻፍለት፤ በአደባባይ የተገሠጸ ሰው እልህ ይይዘዋል። የቀረው የምርጫ ጉዳይ ነው፤ ለምሳሌ የሲስተምዲ ክፍል የሆነው ጆርናልዲ ሎጉን (የክንውን መዝገቡን) በተራ ጽሑፍ ሳይሆን በባይነሪ መጻፉ። ለእሱ ቀን ቁረጥና ድምፅ አሰጥ። የዴቢያን መራጮች አማራጮቹን 1፣ 2፣ 3 እያሉ ደረጃ ይሰጧቸዋል፤ ሁለተኛ ምርጫም ይቆጠራል። በ2014 እንዲህ ባለ የውሳኔ ድምፅ ከአማራጮቹ አንዱ ምንጊዜም «ውይይቱ ይቀጥል» ነበር፤ እሱን ያልረታ ሐሳብ ይወድቅ ነበር።