ከ50 ሚሜ 1.8 ሌንስ ወደ 1.4 ልቀይር ወይስ 85 ልግዛ ላልሽው

እህቴ ጥያቄሽን ትላንት ማታ አየሁት፣ መልሱ ረዘም ስለሚል ዛሬ ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ ብዬ ነው። «ካኖን 80ዲ ካሜራ ከ50 ኤፍ 1.8 ኤስቲኤም ሌንስ ጋር አለኝ፣ ምርቃትና ልደት አነሳለሁ፣ ፎቶዬ ሻርፕ አልሆን አለኝ፣ ባክግራውንዱም እንደሌሎቹ አልጠፋልኝም፣ ስለዚህ 50ውን ሸጬ 1.4ቱን ልግዛ ወይስ 85 1.8፣ ወይስ ገንዘብ አጠራቅሜ ውዱን የሲግማ ሌንስ፣ 50 1.4 አርትን» ነው ያልሽው። ከላይ ሶስት ሰው «1.4 ግዢ አትቆጪም» ብሎሻል። እኔ ገዝቼ ተቆጭቻለሁ፣ በሌንሱ ሳይሆን በራሴ፣ ምክንያቱም ችግሩ ሌንስ ላይ እንዳልነበረ ያወቅኩት ብሩ ከኪሴ ከወጣ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ብላሩን፣ ማለት የኋላውን መደብዘዝ፣ ልንገርሽ። ሁሉም ሰው ኤፍ ቁጥሩን (1.4፣ 1.8 ሚባለውን) ብቻ ነው ሚያየው፣ 1.4 ከ1.8 ያንሳል ስለዚህ ብላሩ ይበልጣል፣ አለቀ። እኔ ሌንስ መምረጥ የቀለለኝ ኤፍ ቁጥሩን ትቼ ሌንሱ ውስጥ ብርሀን ሚያልፍበትን ቀዳዳ ስፋት ማስላት ስጀምር ነው። ስሌቱ የልጅ ነው፣ ሚሊሜትሩን ለኤፍ ቁጥሩ ታካፍይዋለሽ። 50 ለ1.8 ሲካፈል ወደ 28 ሚሜ፣ 50 ለ1.4 ወደ 36፣ 85 ለ1.8 ደግሞ 47። ይሄ ምን ያደርግልኛል ካልሽ፣ ከምታነሻት ልጅ ኋላ በጣም ሩቅ ያለ መብራት፣ በይ ማዶ ዳገቱ ላይ ያለ የቤት አምፖል፣ ፎቶው ላይ ክብ ይሆናል አይደል፣ የዛ ክብ ስፋት ከልጅቷ ፊት ጋር ሲተያይ ልክ ያንን ያህል ነው። በ50 1.8 ጆሮዋ አጠገብ ያለችው ክብ የአንድ ብር ሳንቲም ታክላለች፣ በ1.4 ከሳንቲሙ ትንሽ ሰፋ ትላለች፣ በ85 ግን ወደ ሲኒ አፍ እየተጠጋች ነው። ለዚህ ነው የ85 ፎቶ አይተሽ «ይሄ ምን አይነት ሌንስ ነው» ምትይው።

ግን ይሄ ሁሉ ባክግራውንዱ ሩቅ ሲሆን ነው፣ ሰው እዚህ ጋ ነው ሚሳሳተው። አንቺ ምታነሻቸው ልደቶች መቼም ሳሎን ውስጥ ናቸው፣ ባለልደቷ ከግድግዳው 1 ሜትር ነው ምትቆመው፣ ኋላዋ ፊኛ ተለጥፏል። እንደዛ ከሆነ ከወገብ በላይ ስታነሺያት በ50 1.8 ወደ 2.3 ሜትር ርቀሽ ትቆሚያለሽ፣ ግድግዳው ላይ ያለው ብላር፣ ያው ከፊቷ ጋር ሲተያይ፣ 8 ሚሜ አካባቢ ይሆናል። በ85 ያንኑ ፍሬም ለማግኘት ወደ 4 ሜትር ታፈገፍጊያለሽ፣ ብላሩ ስንት ይሆናል? 10 እንኳን አይሞላም። ያን ሁሉ ብር ከፍለሽ ያተረፍሽው 2 ሚሜ አይሞላም፣ ለዛውም 4 ሜትር ሚያስኬድ ሳሎን ካገኘሽ። አሁን ሌንሱን ሳትነኪ ልጅቷን ከግድግዳው 5 ሜትር አርቂያት፣ በረንዳም ይሁን ግቢ፣ በዛው በ50ሽ ብላሩ ከ8 ወደ 19 ይዘላል። በ85 ደግሞ 26። ስለዚህ «በሌሎቹ ይቀልጣል በኔ አይቀልጥም» ያልሽው እነዛ ፎቶ አንሺዎች ሰውን የት እንደሚያቆሙ አይተሽ እንደሆነ እንጃ፣ እኔ ሌንስ ሳልገዛ ሁለት እጥፍ ብላር ያገኘሁት ሙሽሮችን ከአጥር ስር እያስወጣሁ ነው። ሚዜዎቹ «ለምን መሀል ሜዳ ታቆመናለህ ጸሀይ ነው» ብለው ያጉረመርማሉ፣ ያጉረምርሙ።

አንድ የሚገርምሽ ነገር ልጨምርልሽ። 80ዲው ብዙ ጊዜ አብሮት ሚሸጠው 18-135 ካለሽ ጫፉ ላይ 135 በ5.6 ነው፣ አካፍዪው፣ 24 ይመጣል። የ50ሽ 28 ነበር። እንጦጦ ላይ ቀን፣ ኋላዋ ከተማው ተዘርግቶ ስታነሺ ያ ሁሉም ሚንቀው ሌንስ ከ50ሽ ብዙም አያንስም ማለት ነው። ብርሀን ላይ ግን አትወዳደሪበት፣ 1.8 ከ5.6 ወደ 10 እጥፍ ብርሀን ያስገባል፣ ማታ ላይ አይሆንሽም።

ሻርፕነስ ላይ እንምጣ፣ ዋናው ቅሬታሽ እሱ ነውና። እኔ 1.4ቱን ገዝቼ የመጀመሪያውን ሰርግ ሳነሳ ቤት ገብቼ ኮምፒውተር ላይ ሳየው ግማሹ የሙሽራዋ የጆሮ ጉትቻ ቁልጭ ብሎ አይኗ ለስላሳ ነው። ያን ቀን በጣም ነው የደነገጥኩት፣ አልበም ሚገባ ፎቶ ለመምረጥ ሁለት ሌሊት ፈጀብኝ። ምን ሆኖ ነው፣ መሀሏን ነጥብ አይኗ ላይ አድርጌ ፎከስ እይዝና ካሜራውን ዘወር አድርጌ ፍሬም እሰራለሁ፣ ከድሮ የለመድኩት ነው፣ በ5.6 ችግር የለውም። በሰፊ አፐርቸር፣ ቀዳዳው ሰፍቶ ሲከፈት፣ ግን ያቺ ዘወር ማለት ብቻ አይንን ከፎከስ ታስወጣለች። ቁጥሩን እይው፣ በክሮፕ ካሜራ (እንዳንቺው ሴንሰሩ ፉል ፍሬም ከሚባለው ያነሰ) 50 በ1.8 ከ1.5 ሜትር ላይ ጥርት ሚለው ጥልቀት 6 ሴንቲ አካባቢ ነው፣ ግማሹ ወደፊት ግማሹ ወደኋላ። 85 በ1.8 ከ2 ሜትር ላይ 4 ሴንቲ አይሞላም። ልጅቷ ተንፍሳ ወደፊት ዘንበል ስትል ወጣሽ። ካሜራሽ 45 የፎከስ ነጥብ አለው፣ ሁሉም ክሮስ ታይፕ ናቸው (በአግድምም በቁልቁልም ሚይዙ)፣ አይን ላይ ያለውን ነጥብ ምረጪና ሳትነቀንቂ ምቺ። ከሁሉ ሚሻለው ደግሞ ላይቭ ቪው፣ ማለት በስክሪኑ እያዩ ማንሳት ነው፣ 80ዲ ላይ ዱዋል ፒክስል ሚባል ፎከሱን ሴንሰሩ ላይ ራሱ ሚይዝ ዘዴ አለ፣ ስክሪኑን ገልብጠሽ አይኗን በጣትሽ ንኪው። አይንሽን አስጠግተሽ በምታዪበት በካሜራው መስኮት ካነሳሽው ጋር አስተያዪው፣ ላይቭ ቪው ላይ ሻርፕ ሆኖ በመስኮቱ ለስላሳ ከሆነ ሌንስሽ ምንም አልሆነም፣ ካሜራውና ሌንሱ አልተግባቡም ማለት ነው፣ እሱን ደግሞ ሜኑ ውስጥ ኤኤፍ ማይክሮአድጀስትመንት ሚባል አለ፣ ራስሽ ታስተካክይዋለሽ።

እንዴት ነው ምፈትነው ካልሽ እኔ አምስት የለስላሳ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ በሰያፍ ደርድሬ፣ እያንዳንዱ ከሌላው 3 ሴንቲ ወደኋላ ገባ ብሎ፣ የመሀለኛው ጽሁፍ ላይ ፎከስ ይዤ በትራይፖድ ነው ያነሳሁት። ጥርት ብሎ የወጣው ሁለተኛው ጠርሙስ ሆነ፣ ማለት ካሜራው ወደፊት እየያዘ ነው። ስንት ጊዜ ሌንሱን ሰደብኩት መሰለሽ።

ሹተሩንም፣ ማለት ካሜራው ብርሀን ሚቀበልበትን ጊዜ፣ እይው። 50 1.8፣ 50 1.4፣ 85 1.8 ሶስቱም የእጅ መንቀጥቀጥ ሚቀንስ ማረጋጊያ የላቸውም። በክሮፕ 85 እንደ 136 ነው ሚሆነው፣ በ1/80 ሰከንድ አንስተሽ ሻርፕ አይደለም ብትይ ማን ይስማሻል፣ ለቆመ ሰው ከ1/160 በታች አትውረጂ፣ ለምትስቅ ልጅ 1/250።

እሺ ይሄ ሁሉ ተስተካክሎ ሌንሶቹ ራሳቸው እንዴት ናቸው? ከተስተካከለ በኋላ ሶስቱንም እህቴ ላይ ሞክሬያቸዋለሁ፣ ነጠላ አስለብሼ መስኮት አጠገብ አስቀምጬ። ነጠላ ምርጥ መፈተኛ ነው በነገራችን ላይ፣ ክሩ ቀጭን ነው፣ ነጭ ነው፣ ጥለቱ ደግሞ ቀለም አለው፣ ሌንስ የሚደብቀው ነገር አይኖርም። 50 1.4ን በ1.4 ስከፍተው የሽፋሽፍቷ ዝርዝር አለ ግን በላዩ ላይ እንደ እንፋሎት ያለ ነገር አለበት፣ ነጩ ክር ጠርዙ ላይ ያበራል። ለሙሽራ አንዳንዴ ያምራል እሱ፣ ቆዳ ያለሰልሳል። 2 ላይ ሳደርገው እንፋሎቱ ሄደ፣ 2.8 ላይ ከኤስቲኤሙ ጋር መለየት አቃተኝ፣ ፋይል ስም ሳላይ መርጬ ሁለቴ ተሳስቻለሁ። ኤስቲኤሙ 1.8 ላይ መሀሉ ጥሩ ነው፣ ዳር ዳሩ ላላ ይላል፣ ግን ያንቺ ክሮፕ ስለሆነ ዳሩን ቆርጦ ስለሚጥለው ብዙም አይታይሽም። 85ቱ 1.8 ላይ ከሁለቱም ይበልጥ ቁልጭ ያለ ነው፣ የጥለቱ እያንዳንዱ ክር ይቆጠራል፣ ነገር ግን ነጩ ነጠላ ከጥቁር ጸጉሯ ጋር ሚገናኝበት ቦታ ወይንጠጅ መስመር አለ፣ ሌንስ በሰፊው ሲከፈት የተለመደ ነው፣ ላይትሩም ሚባለው የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራም ላይ በአንድ ክሊክ ይጠፋል ወይ 2.5 ላይ ራሱ ይቀንሳል።

የክቦቹ ቅርጽም ይለያያል። ኤስቲኤሙ ቀዳዳውን ሚዘጉ 7 ምላጮች አሉት፣ 1.4ና 85ቱ 8፣ ቢዘጉም ክቡ ብዙ አይበላሽም። ከኤስቲኤሙ በፊት የነበረው ፕላስቲኩ 50 1.8 ግን 5 ምላጭ ብቻ ነው፣ ትንሽ ከዘጋሽው የገና መብራቱ ሁሉ ባለ አምስት ማዕዘን ይሆናል፣ በርካሽ አገኘሁ ብለሽ እሱን እንዳታመጪ።

1.4 ለብርሀንስ? አዎ ይጠቅማል፣ ከ1.8 ወደ 1.65 እጥፍ ብርሀን ነው፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሀንን ሚያጎላበት መጠን) 3200 ሚያስፈልግሽ ቦታ 2000 አካባቢ ይበቃሻል። ተክሊል በጧፍ ብርሀን ምታነሺ ከሆነ ትርጉም አለው። ቀን ላይ ግን ይገለበጥብሻል፣ እኩለ ቀን ጸሀይ ላይ አይኤስኦ 100 ሆነሽ በ1.8 ወደ 1/8000 ትደርሻለሽ፣ ያ ደግሞ የ80ዲ የመጨረሻው ሹተር ነው። በ1.4 ከዛ በላይ ይጠይቅሻል፣ የለውም፣ የተመራቂው ነጭ ሸሚዝ ይቃጠላል። ወይ ብርሀን ሚቀንስ ኤንዲ ፊልተር ትገዢያለሽ ወይ ወደ 2 ትዘጊዋለሽ፣ ወደ 2 ከዘጋሽው ደግሞ ለምን ገዛሽው።

ሲግማ 50 1.4 አርት እንደ ሌንስ ከሁሉም ይበልጣል፣ 1.4 ላይ ተከፍቶ ራሱ ሻርፕ ነው፣ በዚህ አልከራከርሽም። ግን 815 ግራም ነው፣ ያንቺው 160። ሙሉ ቀን ሰርግ አንጠልጥለሽው ማታ አንጓሽ ይነግርሻል። ፊልተሩም 77 ነው፣ እሱም ሌላ ወጪ። ፎከሱ ካሜራሽ ላይ ማስተካከያ ሊፈልግ ይችላል፣ አሁን ባለሽበት ሁኔታ ያንኑ ችግር በውድ ዋጋ መግዛት ነው ሚሆንብሽ። ፉል ፍሬም ስትገቢ ታስቢበታለሽ።

እና እኔ ባንቺ ቦታ ብሆን 50ውን አልሸጥም፣ 1.4ም አልገዛም፣ ምርቃቱ እየበዛልሽ ከሆነ 85 1.8ን እጨምራለሁ። ምርቃት ውጪ ነው፣ ሜዳ አለ፣ ኋላው ዛፍና ህንጻ ሩቅ ነው፣ 85 እዛ ነው ሚያበራው። ሙሉ ቁመት በክሮፕ ለማንሳት 7 ሜትር ተኩል አካባቢ ማፈግፈግ እንዳለብሽ ግን እወቂ፣ መሀላችሁ ሰው ሲያልፍ ትናደጃለሽ፣ ስልክ እያወራ መጥቶ ፍሬምሽ መሀል ሚቆም አይጠፋም። ልደት ላይ እሱን ቦርሳ ውስጥ ትተሽ በ50ሽ ነው ምትሰሪው። ስራው በብዛት ሳሎን ከሆነ ደግሞ 85ቱም ይቅርብሽ፣ 35 ነው ሚያስፈልግሽ፣ ብላሩ ግን ይቀንሳል፣ ካኖን 35 ኤፍ 2ን አካፍለሽ እይው፣ 17.5።

ያገለገለ ከሆነ ምትገዢው፣ መቼም አዲስ ሚገዛ ጥቂት ነው፣ የራስሽን ካሜራ ይዘሽ ሂጂ። የስልክ ቶርች ከኋላው አብርተሽ በፊቱ በኩል እይው፣ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካየሽ ሻጋታ ነው፣ ጥለሽ ውጪ። ከዛ ቅርብ አንዴ ሩቅ አንዴ እያልሽ ሀያ ጊዜ ፎከስ አስይዢው፣ ሚንተፋተፍ ወይ ሚያቃስት ከሆነ ተዪው። እዛው ቆመሽ 1.8 ላይ የሻጩን አይን አንሺና ስክሪኑ ላይ አጉልተሽ እይው፣ ሰውየው ይስቃል እንጂ አይከፋውም። ፊልተር በነጻ ጨምሬልሻለሁ ካለሽ ደግሞ ተቀበዪና ቤት ስትገቢ አውልቂው፣ እኔ አንዴ ርካሽ ፊልተር ሳላወልቅ ቤተክርስቲያን ገብቼ የእያንዳንዱ ጧፍ ጥላ የመሰለ ሁለተኛ ነበልባል አየር ላይ ተንሳፍፎ ነው የወጣልኝ፣ የሙሽራው እናት «መላእክት ናቸው» ብለው ያንኑ ፎቶ ትልቅ አሳጥበው ሳሎን ሰቀሉት።

የጠርሙሱን ፈተና ዛሬ ማታ ሞክሪውና በመስኮቱም በላይቭ ቪውም ያነሳሽውን ሁለቱን እዚሁ ለጥፊልኝ፣ ከነሹተሩ ከነአይኤስኦው፣ ስልክ ላይ አሳንሰሽ ሳይሆን ኦሪጅናል ፋይሉን።