አባቴ ባይፓስ ከተሰራላቸው 5 ወር ሆናቸው፣ ደም ማቅጠኛውን ያቁሙ ወይ?

ጥያቄ፦ ሰላም ዶክተር። አባቴ 64 አመታቸው ነው። ሀርት አታክ ይዟቸው ህንድ ወስደናቸው ባይፓስ ተሰራላቸው፣ አሁን 5 ወራቸው ነው። አስፕሪን 75 እና ክሎፒዶግሬል 75 በየቀኑ ይወስዳሉ። ሰሞኑን ድዳቸው እየደማ ነው፣ ክንዳቸውም ቶሎ ይበልዛል። ሚነቀል ጥርስ አላቸውና የጥርስ ሐኪሙ ሁለቱንም 10 ቀን አቁመው ይምጡ አላቸው፣ እሳቸው ደግሞ ኦፕራሲዮኑ ካለቀ መድኃኒቱ ምን ይሰራል እያሉን ነው። ለጉልበታቸው ኢቡፕሮፌን ለጨጓራቸው ኦሜፕራዞል ከፋርማሲ ገዝተው ይወስዳሉ። ምን እናድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ዋናውን ልንገርሽ፣ አስፕሪኑን አያቁሙ። ክሎፒዶግሬሉ ግን ሚቆምበት ቀን አለው፣ ያን ቀን ሚወስነው የልብ ሐኪማቸው ነው እንጂ የጥርስ ሐኪሙም እሳቸውም አይደሉም።

አባትሽ «ኦፕራሲዮኑ ካለቀ» ያሉትን ብዙ ታካሚ ይለኛል፣ አልፈርድባቸውም፣ ማንም በደንብ አያስረዳቸውም። ባይፓስ ማለት ለተዘጋው መንገድ ማለፊያ መስራት ነው፣ በሽታውን አያጠፋውም። ማለፊያው ብዙ ጊዜ ከእግር በተወሰደ ደም መላሽ ስር ነው ሚሰራው፣ ያ ስር ደግሞ እድሜውን ሙሉ ዝቅተኛ ግፊት ለምዶ ኖሮ ድንገት የልብን ሙሉ ግፊት ተሸከም ሲባል ውስጡ ይጎዳል፣ የተጎዳው ቦታ ላይ ፕላትሌት፣ ማለትም ደም ሚያረጉት ጥቃቅን የደም ክፍሎች፣ ይለጠፋል፣ ደም ይረጋል፣ ይዘጋል። በመጀመሪያው አመት ብቻ ከ100 የእግር ስር ከ10 እስከ 15 ሚሆነው ይዘጋል፣ ከደረት ውስጥ ሚወሰደው ደም ወሳጅ ግን ከ10 አመት በኋላም ከ100 ከ90 በላይ ክፍት ነው። እኛ ደም ማቅጠኛ ምንለው በእውነት ደሙን አያቀጥነውም፣ ፕላትሌቶቹ እርስ በርስ እንዳይጣበቁ ነው ሚያደርገው። እ.ኤ.አ በ2002 በወጣ 5065 ታካሚዎችን በተከታተለ ጥናት ከኦፕራሲዮኑ በኋላ በ48 ሰዓት ውስጥ አስፕሪን ከጀመሩት የሞቱት 1.3 በመቶ ሲሆኑ ካልጀመሩት 4 በመቶ ነበሩ። ማን አስፕሪን እንደሚወስድ በዕጣ ስላልተመደበ ልዩነቱ ሁሉ የአስፕሪን ነው አልልሽም፣ ግን አስፕሪን ዕድሜ ልክ ነው ምንለው ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛውስ፣ ክሎፒዶግሬሉ? ሀርት አታክ ስለነበረባቸው ይመስለኛል የታዘዘላቸው፣ እንዲህ ላሉ ታካሚዎች የተለመደው 12 ወር ነው። ሌላም ምክንያት ሊኖር ይችላል፣ ህንድ ውስጥ ልብ ሳይቆም እየመታ ሚሰራው ኦፍ ፓምፕ ሚባለው ኦፕራሲዮን በጣም የተለመደ ነው፣ በሱ ለተሰራለትም ሁለቱን ለ1 አመት መስጠት ይመከራል። የመውጫ ወረቀታቸው ላይ ተጽፎ ይሆናልና እዩት።

እዚህ ላይ ጥናቶቹ እርስ በርስ ይጋጫሉ። እ.ኤ.አ በ2018 ቻይና 500 ሰው ላይ አስፕሪንን ከቲካግሬሎር ጋር፣ ማለትም ከክሎፒዶግሬል ጠንከር ያለው ጋር፣ ሲሰጡ ከ1 አመት በኋላ 88.7 በመቶው የእግር ስር ክፍት ነበር፣ በአስፕሪን ብቻ 76.5። ያኔ ብዙዎቻችን ተደስተን ነበር። እ.ኤ.አ በ2025 በወጣ ጥናት ደግሞ በ5 የሰሜን አውሮፓ አገሮች ልክ እንደ አባትሽ ሀርት አታክ ወይም ለሱ የቀረበ ህመም ይዟቸው የተሰሩ 2201 ሰዎች ላይ ይኸው አስፕሪንና ቲካግሬሎር ተሞከረ። በ1 አመት ውስጥ የሞቱት፣ ሀርት አታክ ወይም ስትሮክ የያዛቸው ወይም ድጋሚ ስር የተከፈተላቸው ሁለቱን ከወሰዱት 4.8 በመቶ፣ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 4.6፣ ያው እኩል ማለት ነው። ከባድ መድማት ግን ሁለቱን ከወሰዱት 4.9 በመቶ፣ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት 2.0። መድኃኒቱ ቲካግሬሎር ስለሆነ ክሎፒዶግሬል ላይ ቀጥታ አይገለበጥም፣ ግን እኔን አሳስቦኛል፣ ለሚደማ ታካሚ 12 ወር ሳይሞላ ሁለተኛውን ማቆም ይቻል እንደሆነ የልብ ሐኪሙን መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጥርሱን በተመለከተ፣ ፕላትሌት ከ7 እስከ 10 ቀን ነው ሚኖረው፣ ስለዚህ 10 ቀን ማቆም ማለት መድኃኒቱ ያልነካው ሙሉ አዲስ ፕላትሌት ይዞ መቀመጥ ነው። አንድ ጥርስ ግን አስፕሪን እየተወሰደም ይነቀላል፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እየተወሰዱ፣ በጋዝ ጫን አድርጎ መያዝና ካስፈለገ መስፋት ይበቃል። የጥርስ ሐኪሙ ከልብ ሐኪሙ ጋር በስልክ ይነጋገሩ።

ኢቡፕሮፌኑ ዛሬውኑ ይቁም። አስፕሪን ፕላትሌቱ ላይ ሚይዘውን ቦታ ቀድሞ ይይዝበታል፣ ጨጓራንም ያደማል፣ ከሁለት ደም ማቅጠኛ ጋር ሲሆን በጣም ያሰጋኛል። ዳይክሎፌናክም ጨጓራን በማድማት ያው ነው። ለጉልበቱ ፓራሲታሞል። ኦሜፕራዞል ደግሞ ክሎፒዶግሬል ጉበት ውስጥ ተቀይሮ እንዳይሰራ ያዳክመዋል፣ በፓንቶፕራዞል እንዲቀየርላቸው ጠይቁ፣ ጨጓራቸው ግን ያለ መከላከያ እንዳይቀር።

የድዱ መድማትና መበለዙ ከመድኃኒቱ ሊሆን ይችላል፣ መፋቂያውን ትተው ለስላሳ ብሩሽ ይያዙ፣ የደም መጠናቸውም ይታይ። ሰገራቸው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ (የአይረን ክኒንም ያጠቁራልና ከወሰዱ ንገሪ)፣ የቡና አተላ የመሰለ ካስታወካቸው፣ ድንገት ከባድ ራስ ምታት ከያዛቸው ወይም ፊታቸው ከተጣመመ ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ሌሊትም ቢሆን ድንገተኛ ክፍል ውሰጃቸው፣ ሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዘሽ።