«ክፍልህ ግባ» ቅጣት ሳይሆን ሲቀር

ውድ ጠያቂዬ፣ የሰባት ዓመት ልጅዎ የቤት ሥራ ሰዓት ሲደርስ መጽሐፍ እንደሚወረውር፣ ጠረጴዛ እንደሚራገጥ፣ አንዳንዴም ደብተሩን እንደሚቀድ ጽፈዋል። እርስዎ «ክፍልህ ግባ» ብለው ለአሥር ደቂቃ ብቻውን ያስቀምጡታል። አባቱ ደግሞ ግርግሩ ሲነሳ መጥቶ «ልጁን አታስጨንቂው» ይልና አጠገቡ ቁጭ ብሎ ያነብለታል። ጥያቄዎም «ባሌ ልጁን እያበላሸብኝ ነው፣ እንዴት ላስረዳው?» የሚል ነው።

ደብዳቤዎን ሳነብ ይበልጥ ያሳሰበኝ ባለቤትዎ አይደሉም። እግረ መንገድዎን ጣል ያደረጓቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ «ሒሳብ ሲሆን ብዙም አይረብሽም» ያሉት ነው። ሌላው «ክፍሉ ሲገባ ወዲያው ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ስለሚመሽ እናስተኛዋለን» የሚለው ነው።

እስቲ ነገሩን በልጁ በኩል እንየው። የንባብ መጽሐፍ ፊቱ ተዘርግቷል። ይወረውረዋል። ክፍሉ ይላካል፣ ይመሻል፣ ይተኛል። ያ ገጽ በዚያ ቀን ተመልሶ አይመጣም። ልጅዎ ጸጥ የሚለው ስለተጸጸተ ላይሆን ይችላል፤ የፈለገውን ስላገኘ ይመስለኛል። አንድ ነገር ቅጣት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በቀጪው ሐሳብ አይደለም፤ ባህርዩ ከዚያ በኋላ በመቀነሱ ወይም በመጨመሩ ነው። «ስቀጣው ወራት አለፉ፣ እየባሰበት ነው» ብለዋል። እንግዲያው ያ ክፍል መሸሸጊያው ሆኗል ማለት ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎ አይደለም። እሱ ጸጥ ሲል እርስዎም እፎይ ይላሉ፤ ያ እፎይታ ደግሞ በማግስቱ ያንኑ እርምጃ እንዲደግሙት ያደርግዎታል። እናትና ልጅ ሳያውቁት አንዳቸው የሌላውን ልማድ እያጠናከሩ ነው።

በተግባራዊ የባህርይ ትንተና፣ ማለትም ባህርይ ከፊቱና ከኋላው በሚሆነው ነገር እንዴት እንደሚለወጥ በሚያጠናው ሙያ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ይህ ባህርይ ለልጁ ምን ያስገኝለታል?» የሚል ነው። መልሱ በአብዛኛው ከአራቱ አንዱ ነው፦ የሰው ትኩረት፣ የፈለገው ዕቃ ወይም ጨዋታ፣ ከከበደው ነገር ማምለጥ፣ ወይም ድርጊቱ ራሱ የሚሰጠው ስሜት። ለትኩረት ብሎ የሚረብሽን ልጅ ለጥቂት ደቂቃ ከሰው መለየት ሊሠራ ይችላል። ለማምለጥ የሚረብሸውን ልጅ ግን መለየት በሩን መክፈት ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ኤድዋርድ ካር እና ማርክ ዱራንድ እ.ኤ.አ. በ1985 ያሳተሙት ጥናት ይህን በግልጽ ያሳያል። የእድገት ችግር ያለባቸውን አራት ልጆች በረብሻ ፈንታ የሚናገሩት ነገር አስተማሯቸው። ሥራ ሲከብዳቸው የሚረብሹት «አልገባኝም» ብለው እርዳታ መጠየቅን ተማሩ። ትኩረት ሲያጡ የሚረብሹት ደግሞ «ጥሩ እየሠራሁ ነው?» ማለትን ተማሩ። ረብሻው የቀነሰው ልጁ የተማረው ንግግር ከፍላጎቱ ጋር ሲገጥም ነበር፤ ሳይገጥም ሲቀር ቃሉን ማወቁ ብቻ አልረዳም። ስለዚህ ልጅዎን «እልኸኛ» ከማለትዎ በፊት «ይህ ገጽ ከብዶኛል» የሚልበት ሌላ መንገድ አለው ወይ ብለው ይጠይቁ።

አሁን ወደ አባቱ ልምጣ። ከሚያስቡት በላይ ለመፍትሔው ቅርብ ናቸው። አጠገቡ ቁጭ ብሎ አብሮ ማንበብ ሥራውን ያቀልለታል፤ ትክክለኛ እርዳታም ነው። ጉድለቱ ሰዓቱ ላይ ነው፤ የሚመጡት መጽሐፉ ከተወረወረ በኋላ ነው። ያው እርዳታ ከመወርወሩ በፊት፣ ልጁ ሲጠይቅ ቢሰጥ ትምህርት ይሆናል፤ ከተወረወረ በኋላ ሲመጣ ግን የመወርወር ሽልማት ይሆናል።

«ለአራት ቀን ችላ ብዬው ስለባሰበት ተውኩት» ያሉትም ሁለት ምክንያት አለው። ይሠራ የነበረ ነገር መሥራት ሲያቆም ባህርዩ ከመብረዱ በፊት አንዳንዴ ይንራል፤ በዚያ ጫፍ ላይ ሲሸነፉለት የሚማረው የጮኸ ሰው እንደሚያሸንፍ ነው። ከሁሉ በላይ ግን መጽሐፉ ወለል ላይ ወድቆ እያለ ልጁን ችላ ማለት ከንባቡ አስመለጠው እንጂ ምንም አልከለከለውም።

ለጊዜው ይህን ይሞክሩ። ለአንድ ሳምንት በሦስት ዓምድ ይመዝግቡ፦ ከረብሻው በፊት የነበረው (የትኛው ትምህርት፣ ስንት መስመር፣ ማን አጠገቡ ነበር)፣ ልጁ ያደረገው፣ ከዚያ የተከተለው። ቀጥሎ ልጁ በተረጋጋበት ሰዓት «እረፍት ስጡኝ» ወይም «አልገባኝም» ማለትን እንደ ጨዋታ ያለማምዱት። መጀመሪያ ላይ በጠየቀ ቁጥር ወዲያው ሁለት ሦስት ደቂቃ ይስጡት፤ «ቆይ» ካሉት ወደ መወርወሩ ይመለሳል። እረፍቱ ሲያልቅ ወደዚያው ገጽ ይመለስ፤ ገጹ ግን ያጥር። በደንብ በሚያነበው መስመር ጀምረው ሁለት ከባድ መስመር ብቻ ያስከትሉ፤ ጥቂት ምሽት በሰላም ካለፈ አንድ መስመር ይጨምሩ። ከወረወረ ሳይቆጡ መጽሐፉን ያንሱ፣ አንዲት ቃል አብራችሁ አንብቡ፣ ከዚያ እረፍት ይውሰድ። ነገሩ ወደ ግብግብ ካመራ አያስገድዱት፤ ገጹን በሌላ ሰዓት አጭር አድርገው ይመልሱት። እያንዳንዱ ልጅ የራሱ ፍጥነት ስላለው በሳምንት ለውጥ ካላዩ ተስፋ አይቁረጡ። ራሱን ወይም ሌላ ሰው የሚጎዳ ከሆነ ግን ይህን ያለ ባለሙያ አይሞክሩት።

ሒሳብ ላይ ተረጋግቶ ንባብ ላይ መፈንዳቱ በራሱ መታየት ያለበት ነገር ነው። ዓይኑ ይመርመር፤ አስተማሪውንም ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሲነጻጸር እንዴት እንደሚያነብ ይጠይቁ። የንባብ ችግር ካለበት ከላይ ያልኩት ሁሉ ግማሽ መንገድ ነው፤ ንባብን ራሱን የሚያስተምረው ሰው ያስፈልገዋል። ከዚያ ከባለቤትዎ ጋር ሆናችሁ የሕፃናት ሥነ ልቦና ባለሙያ በአካል አግኙ። ስትሄዱ መዝገቡን ያዙ፤ አባቱም የተገኙባቸውን ምሽቶች በራሳቸው እጅ ቢመዘግቡ ባለሙያው የሁለታችሁንም ምሽት አስተያይቶ ማየት ይችላል።